«ስንት ሰው?»

ስሟ ኤርሌ ነው፤ የወፍ ስም ነው እኛ ጋ፣
ቆማም ጅራቷ አያርፍ፣ ሲመሽም ሲነጋ።
አባቴ ሃልቫርድ ከአንዲት አሮጊት ገዛት በርካሽ፣
ባሏ ሞቶባት፣ ጎተራ ውስጥ፣ ከድርቆሽ ሥር ሆና ብላሽ።
ሦስት የበረዶ ወራት ፋቀ፣ ለሰነ፣ ቀባ፤
እናቴ ጉድኒ «ጣውንቴ» አለቻት፣ ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሲገባ።

ርዝመቷ አሥር ክንድ፣ ተራዳዋ የጥድ እንጨት፤
ከሆዷ የሚወርድ አንድ የብረት ምላስ አላት፣
ጥልቁ ላይ እናወርደዋለን፣ በጎኗ እንዳትንሸራተት፤
አሸዋ ሲቃረብ ትውጠዋለች፣ እንደ ሰው ነገር ሲበዛበት።

እሁድ የቤት ናት።
ዳቦው፣ ብርድ ልብሱ፣ የተቀቀለው እንቁላሉ፣
የእናቴ ሹራብ ከነክሩ፣ ሁሉም ይጫናሉ፤
ቲሪል፣ የስድስት ዓመት ልጅ፣ ቀይ ባልዲዋን ታቅፋ፣
ሸርጣኑን «አጎቴ» ትለዋለች፣ ከዳቦዋ አካፍላ፣ ጣቷን ለጥቂት አትርፋ።
ያን ቀን ነፋስ ቢጠፋ ማንም ሰው አይቆጣ፤
ደሴቷ ሥር እንጋደማለን፣ ፀሐይ ትውጣ፣ ደመና ይምጣ።

ረቡዕ ግን ሌላ ናት።
አባቴ ከሥራ ሲገባ ጫማውን እንኳ አይፈታ፤
ባልዲ ይውጣ፣ ቅርጫት ይውጣ፣ ይቅለላት ለዛሬ ማታ፤
ማንኪያ ተረስቶ ቢያገኝ፣ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ
ያወጣዋል እያየን፤ ከዚያ ነው እኛ የምንገባ።
እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ፣ የፊቱ ትንሽ ሸራ ገመድ ድርሻዬ፤
ትልቁ ሸራና መሪው የሱ፤ ከሱ ጋር አይገጥምም ሥራዬ።
ስድስት ጀልባ ቢሄድ ስድስተኛ፣ ዘጠኝ ቢሄድ ዘጠነኛ፤
ውድድሩን ከኋላ የሚዘጋ በር ነበርን እኛ።

ሰኔ ነው። በኛ አገር፣ በኖርዌይ፣ ፀሐይ አልጋዋን ትረሳለች፣
እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ደሴቱ አናት ላይ ትቀመጣለች።
ወይዘሮ ቦርግሂልድ ጠረጴዛዋ ላይ መዝገቡን ገልጣ፣
«ስንት ሰው?» አለች፣ ቀና ሳትል፣ የእስክሪብቶዋን ጫፍ መጥጣ።
«ሁለት» አለ አባቴ።
እንደ ሁልጊዜው፣ ሁለት።

ነፋሱ በዚያን ማታ የታማሚ እስትንፋስ፤
ይመጣል፣ ይቀራል፤ ባሕሩ ዘይት፣ ሸራው የተሰቀለ ልብስ።
ኤርሌ ግን ሄደች።
ምን እንደነካት እንጃ፣ ጅራቷን ከውሃ ነቅላ፣
ስትጎትተው የኖረችውን የአረፋ ቀሚስ ጥላ።
አለፍነው ሐኪሙን፣ ከነውድ ሸራው፣ ከነመነጽሩ፤
አለፍናቸው መንታዎቹን፣ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።
አባቴ አይናገርም፤ ቃል ቢወጣው የሚደፋ ይመስል፣
ከንፈሩን ነክሶ ያያል፣ ተስፋ እንደ ወተት ሲገነፍል።

ሁለተኛው ምልክት ጋ፣ ቀዩን በርሜል ዞረን፣
ከፊት፣ ከዕቃ ማስቀመጫው ጨለማ፣ ድምፅ ሰማን፤
«ደረስን?»

ቲሪል ነበረች። ባልዲዋን ፍለጋ ገብታ፣
በታጠፈ አሮጌ ሸራ ላይ፣ ጉልበቷን አቅፋ ተኝታ።
ሃያ ኪሎዋ የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ታች ተጭኖ፣
ኋላዋን ከውሃ ፈቶት፣ ነፋስ ላጣ ማታ ክንፍ ሆኖ።
ማንኪያ ሲለቅም የኖረ ሰው፣ አየው ሸክም ሲያሮጠው፤
ሳቀ፣ ሳቀ፣ መሪው ከእጁ ሊያመልጠው።
ከዚያ ዝም አለ፤ የመንሳፈፊያ ሰደርያውን አውልቆ
እሷን አለበሳት፣ እስከ አገጯ ቆልፎ፣ አጥብቆ።

ሦስተኛ ገባን። ጡሩምባው ጮኸ፣ ሰው አጨበጨበ፤
አባቴ ጀልባዋን አሰረ፣ ሸራውን ሰበሰበ፣
ቲሪልን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ።
«ሦስት ነበርን።»
«ሕፃን ናት» አለች ቦርግሂልድ፣ «ማንም አልቆጠራት።»
«ጀልባዋ ቆጥራታለች» አለ፤ እስክሪብቶውን ራሱ አቀበላት።

እኔ አኮረፍኩ። እስከ ቤት ድረስ አላናገርኩትም፤
«ሦስተኛ» የምትል ቃል ከአፌ እንደ ከረሜላ ሟሙታ አላለቀችም።
ቲሪል ግን ፊደል የጀመረችው ያን ሰሞን ነው፤ ጣቷን ዘርግታ፣
በሰሌዳው ላይ የተሰረዘ ስማችንን አነበበች፣ ተንተባትባ፣ በርትታ።
ደስ አላት። መሰረዝ ማለት ማስመር መሰላት፣
አስተማሪዋ ከመልካም ቃል ሥር እንደምታሰምርላት።

በሚቀጥለው ረቡዕ፣ «ስንት?» ስትል፣ «ሦስት» አልናት በአንድ አፍ፤
ነፋሱ ግን በርትቶ ዋለ፣ ማዕበሉ በአፍንጫዋ ዘሎ የሚያልፍ።
ቲሪል በባልዲዋ የገባውን ውሃ ስትቀዳ፣ ስትደፋ፣
በሩን ዘጋነው እንደ ልማዳችን፣ ጡሩምባ ነፊው ሊያንቀላፋ።